የጳጉሜን ሒሳብ

በእኛ ሰፈር ዓመቱ የሚያልቀው ነሐሴ 30 ነበር፤ አዲሱ ደግሞ መስከረም 1 ይገባል። መሐል ላይ የምትቀረው ጳጉሜን፣ በአዘቦቱ ዓመት አምስት፣ በሉቃስ ስድስት ቀኗን ይዛ፣ የአሮጌውም የአዲሱም አልነበረችም። ሰው ገላውን የሚታጠብባት፣ ቤቱን የሚለቀልቅባት፣ ከተቀያየመው ጎረቤቱ ጋር የሚታረቅባት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ ዕዳውን የሚቆጥርባት ጊዜ ነበረች። ቀጨኔ ካደግሁባቸው የ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቷል፤ የጳጉሜን ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ጎህ ሳይቀድ እናቶቻችን ቀስቅሰው ወደ ወንዝ ይዘውን ይወርዳሉ። ከእንጦጦ ድንጋይና ቅርንጫፍ እያግተለተለ፣ ክረምቱን ሙሉ ደፍርሶ የከረመው የቀጨኔ ወንዝ በጳጉሜን ጠራ ማለት ይጀምራል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። «የጳጉሜን ውሃ ጠበል ነው፤ በሽታ አይሰጥም» እየተባልን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንነከራለን። በ3ኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ከጣለማ ልጅ የተባለ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ደጅ ይወጣል። በሌላ ቀን እንዲያ ብናደርግ የሚጠብቀን ልምጭ ነበር።

ትልልቆቹ ሥራቸው ሌላ ነው። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል። ሸማኔው ከነጋዴው ጋር የድርና የማጉን ዋጋ ይተሳሰባል። የእድሩ ጸሐፊ ወርኀዊ መዋጮ ያጓደለውን ቤት ለቤት እየዞረ ያስታውሳል። «ዕዳ ይዞ መስከረም መግባት ነውር ነው» ይባል ነበር። ነውሩን ሙሉ በሙሉ ያመለጠ ሰው አላውቅም፤ ቢያንስ ግን ስንት እንደሆነ ሳያውቅ መስከረም የሚገባ አልነበረም። የአዲሱ ዓመት ሐሳብ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። ምን መሆን እፈልጋለሁ ከሚለው ጥያቄ በፊት፣ ዛሬ የቆምሁት የት ላይ ነው የሚለው ይቀድማል።

ቀጨኔ የባለእጅ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ስትስፋፋ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ከእንጦጦ ሥር ሰፈሩ፤ ልጅ ልጆቻቸውም ሙያውን ይዘው እዚያው ቀሩ። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ እንስራው ከሴቶቹ እጅ ይወጣል፤ ጥበቡና ጋቢው ከሸማኔዎቹ ጉድጓድ። የእኛ ቤት ግድግዳ የሚጋራው ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት ጋር ነበር። ልጆቹ ሁሉ «እቴቴ» እንላቸዋለን፤ እዚህም በዚያው ስም ልጥራቸው።

ለእቴቴ ክረምት የሥራ ወቅት አልነበረም። ጭቃው ይለወሳል፣ ጀበናው በእጅ ይበጃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጠብቃል። ፀሐይ የለም። በደንብ ሳይደርቅ እሳት የገባ ሸክላ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም አጠገቡ ያለውን ይዞ ነው የሚሄደው። ማገዶውም ርጥብ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የተሠራው ዕቃ ከአልጋ ሥርና ከምድጃው ዙሪያ ተደርድሮ ሳይቃጠል ይከርማል። ገንዘብ አይገባም፤ ሆድ ግን ክረምት ነው ብሎ አይታገሥም። ጤፉ በዱቤ፣ ጋዙ በዱቤ፣ አንዳንዴም ጨው በዱቤ ነው። ጳጉሜን ስትመጣ እቴቴ ግድግዳው ላይ በከሰል የጫሯቸውን መስመሮች በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ረጅሙ ብር ነው፣ አጭሩ ስሙኒ። ቆጥረው ሲጨርሱ «በል እንግዲህ፣ ጀበናዎቼ» ይላሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም።

ዕቅዳቸውም ከዚያው ይወጣል። የመስከረም ፀሐይ እንደወጣ የሚቃጠለው የመጀመሪያው ዙር የዱቤ ነው፤ ለመስቀል ጀበና ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይሸጣል። ሁለተኛው ዙር የማገዶ ነው። ከሦስተኛው በኋላ የሚገኘው የራሳቸው ነው፤ ስለ እሱ ብቻ ነበር የሚያቅዱት። «ዘንድሮ ጣራውን» ይላሉ፤ ወይም «ዘንድሮ ለልጅቷ ዩኒፎርም።» ጣራውና ዩኒፎርሙ በአንድ ዓመት ተጠርተው ሰምቼ አላውቅም። ከሁለቱ አንዱ ለከርሞ ይቀጠራል፤ ከርሞ ደግሞ ይታወሳል።

እኛ ልጆችም የራሳችን ሒሳብ ነበረን። ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል፤ ደብተር መግዣው ደግሞ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። በነሐሴ መጨረሻ ወረቀት አጥፈን፣ ፀሐይና አደይ አበባ፣ መልአክና በፈረስ የተቀመጠ ጊዮርጊስ በቀለም እርሳስ መሳል እንጀምራለን። ሴቶቹ ለአበባየሆሽ ቡድን ይመድባሉ። ከሥዕሉ ይልቅ ጭንቅላት የሚፈልገው ሥራ በሮቹን መመደብ ነበር። የትኛው ቤት ሽልንግ፣ የትኛው ስሙኒ እንደሚሰጥ፣ የትኛውስ በምርቃት ብቻ እንደሚሸኝ ካለፈው ዓመት እናውቃለን። ከእኛ መሐል አንድ ታላቃችን ነበር፤ በምርቃት የሚሸኙትን በሮችም አይዘልም፤ የሚወስድላቸው ግን በአንድ ቀለም ብቻ የተሳለውን ነው። ስንት ደብተር እንደሚገዛ በጳጉሜን ተናግሮ በመስከረም 1 ማታ የሚሳሳተው በአንድ ቢበዛ ነበር።

የትልልቆቹ ዕቅድ የሚጸናው እቁብ ላይ ነው። የሰፈራችን የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔ ሚስቶች እቁብ በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ ይጀመራል፤ ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ መልስ፣ እቴቴ ግቢ። ዳኛው አንድ አዛውንት ሸማኔ ነበሩ። አንዱ ዓመት ላይ የሆነውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ቡና የማቀብለው እኔ ነበርሁ። ባሏ በቅርቡ የሞተባት፣ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት አዲስ ልትገባ መጣች። ሙሉው ዕጣ በሳምንት 2 ብር ነው።

«ሙሉውን እጥላለሁ» አለች።

«ከየት ታመጪዋለሽ?» አሉ ዳኛው፣ ቀና ሳይሉ።

«እንጀራ እሸጣለሁ፣ ጋሼ። ለመስቀል ገበያው ጥሩ ነው። ለገናም፣ ለጥምቀትም።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይስ?»

ሴትየዋ ዝም አለች። ከመስከረም የሚጀምረው እቁብ የሚያልቀው ክረምቱን አቋርጦ ነው። ማገዶው ሲረጥብ፣ ጤፉ ሲወደድ፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ ሲፈታ ከእሷ እንጀራ የሚገዛው ግማሹ እንኳ አይመጣም።

«ሐምሌማ እግዜር ያውቃል» አለች በመጨረሻ።

«እግዜርማ ያውቃል። እኔ የምፈልገው አንቺ እንድታውቂው ነው» አሉ ዳኛው። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። «ግማሽ ግቢ። ዕጣው ሲደርስሽ ዋስ ስትባዪ እኔን ጥሪኝ።»

በግማሽ ገባች፤ ሌላውን ግማሽ አንዲት ሸክላ ሠሪ ያዘችው። እቁብ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ አንድ ዕጣ ለሁለት ይያዛል፣ ሲወጣ እኩል ይካፈሉታል። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም፤ ምክንያቱም በልቶ ከቀረ የቀሪዎቹ ሳምንታት መዋጮ ከዋሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ሽማግሌው «ግማሽ ግቢ» ሲሉ የሰጡት ምክር ከራሳቸው ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነበር። ብትወድቅ አብረዋት ይወድቃሉ።

ስለ አዲስ ዓመት ዕቅድ የሚነገረውን በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የዳኛው «ሐምሌ ላይስ?» ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ላይ «ስማርት» የሚባለው የግብ አወጣጥ ቀመር ሳይነሳ አይቀርም። ቀመሩን በ1981 እ.ኤ.አ. በአንድ የሥራ አመራር መጽሔት ላይ ያወጣው ጆርጅ ዶራን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በሰውየው የመጀመሪያ ጽሑፍ ከአምስቱ መመዘኛዎች አንዱ «ማን ይሠራዋል?» የሚል ነበር። ቀመሩ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞር ይህ መመዘኛ በብዙ ቦታ ወጥቶ «ሊደረስበት ይቻላል ወይ?» በሚለው ተተካ። እኔ የቀረብን የመጀመሪያው ይመስለኛል። ይቻላል ወይ ሲባል ሁሉም ሰው አዎ ይላል፤ በተለይ መስከረም ላይ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ፣ ሰው ያሰበውን ብቻ ከሚናገር ይልቅ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርገው አስቀድሞ ቢወስን የመፈጸም ዕድሉ እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ጥናት አሳይቷል። እቁብ ይህን ያለ ሥልጠና ይዞት ኖሯል። ቀኑ እሑድ ነው፣ ቦታው እቴቴ ግቢ ነው፣ መጠኑ የታወቀ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ብትቀር «የት ጠፋሽ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው አለ።

ይሁንና የቀጨኔን ሰው ሐሳብ ትንሽነት እንደ ጥበብ ብቻ ቆጥሬ ባወራ ያሳደገኝን ሰፈር እዋሻለሁ። ያ ትንሽነት ከፊሉ የተጫነ ነበር። ባለእጅ በዚህ አገር ለዘመናት መሬት ሲነፈግ፣ በቡዳነት ሲጠረጠር፣ በሙያው ስም ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ይናገራል። እኔ ልጅ ሳለሁም ከሰፈር ውጭ፣ ሸክላ ሠሪ ባለችበት ልጁን የማያጎርስ ሰው ነበር። እቴቴ ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው አዲሱ ገበያ ሲወርዱ የሚገዛቸው ብዙ ነው፤ ቤት ግቡ የሚላቸው ግን ይቆጠራል።

ልጃቸው ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አንድ መምህር ምን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቃት። «አስተማሪ» አለችው። «ጀበና መሥራት ምን አነሰሽ? ልክሽን እወቂ» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። ወሬው በሩጫ ሰፈር ደረሰ። እቴቴ ጭቃ እየለወሱ ነበር። «ልኬንማ አውቃለሁ» አሉ፣ እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ፤ «እሱ ግን በምኑ ለካኝ?»

ያን ዓመት ጣራው ለከርሞ ተቀጠረ፤ የእቁቡ ዕጣ ለልጅቷ ሆነ። እዚህ ላይ ትዝ የሚለኝ ነገር አለ። እቴቴ ልጃቸው አስተማሪ ትሆናለች ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በየጳጉሜኑ የሚሉት «ዘንድሮ ስምንተኛን» ነው፤ ቀጥሎ «ዘንድሮ ዘጠነኛን።» ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጅቷ ከመንገዱ ዳር ከሰል አያይዛ በቆሎ እሸት ትጠብሳለች። ለሸክላ የማይመቸው ብርድ ለበቆሎ ጥብስ ገበያ ነው። የዳኛው ጥያቄ እቴቴ ቤት መልስ ያገኘው በዚህ ነበር። እንዲህ እያለች ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባች፤ ሌላ ከተማ ተመድባ አስተማረች። ያ መምህር የማይሆን ነው ያለው፣ እናቲቱ በየዓመቱ እየከፋፈሉ ያደረጉት አንድና ያው ነገር ነበር።

እቴቴ ለራሳቸው ያቀዱትን አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። በ1971 ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ እየሄዱ ከተማሩት አንዷ ነበሩ። የዘመቻው ግብ ሰፊ ነበር፤ መሃይምነትን ከከተማ በጥቂት ዓመታት፣ ከገጠርም ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጨርሶ ማጥፋት። እዚያ አልደረሰም። ሚሊዮኖችን ግን ፊደል አስቆጥሯል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘውም ለዚያ ነው። እቴቴ ከዚህ ሁሉ የፈለጉት ስማቸውን መጻፍ ነበር። የእቁቡ መዝገብ ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው መፈረም ሰልችቷቸዋል። ወጣቱ አስተማሪ «እናቴ፣ ጋዜጣ እስኪያነቡ አልለቅዎትም» ቢላቸው፣ «ጋዜጣውን አንተ ታነብልኛለህ፤ ስሜን ግን ማንም አይፈርምልኝም» አሉት።

እርሳስ አይመቻቸውም ነበር፤ ጣታቸው የለመደው የሚታዘዝ ነገር ነው። ቤት ሲመለሱ ያልደረቀ ጀበና ገልብጠው ከቂጡ ላይ በስንጥር ይጽፋሉ። የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል አንዷ እግር ወደ ግራ ትሄድባቸዋለች፤ በእርጥብ ጣት ያጠፉና ደግመው ይጭራሉ። አንዳንዷ ሳትጠፋ እሳት ገባች። አንድ ቀን ከአዲሱ ገበያ የገዛች ሴት ጀበናውን ይዛ ተመለሰች፤ ቂጡ ተሰንጥቋል ብላ። እቴቴ ገልብጠው አዩት። «ስንጥቅ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አሏት። ሴትየዋ ምን እንደገባት አላውቅም፤ ሃያ አምስት ሳንቲም አስቀንሳ ሄደች። በመስከረም የእቁቡ መዝገብ ሲዞር እቴቴ ስማቸውን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ያሉት ሴቶች ቡናቸውን ደገሙ። የቀለሙን ጠርሙስ ለሚቀጥለው ሰው ሲያቀብሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ኩራት ነው፣ እፎይታም ነው።

ከዚያ ዘመን የአገሪቱንም ዕቅድ አስታውሳለሁ፤ የማስታውሰው ግን በደብተር ሽፋን ነው። ደብተራችንን የምናለብሰው በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) በተመሠረተበት፣ በ1976 ጳጉሜን፣ የዐሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ በየገጹ ነበር፤ የእርሻው ምርት፣ የፋብሪካው ብዛት፣ የእድገቱ መቶኛ። እኔም የሒሳብ ደብተሬን በዚያ አልብሼ ተማርሁ። ዓመቱ ሰባ ሰባት ነው። ያ ዕቅድ በተጻፈበት ወራት ሰሜኑ በድርቅ እያለቀ ነበር፤ ከወሎና ከትግራይ የተሰደደው ሰው መንገድ ላይ ነበር። ዕቅዱ እስከ 1986 ይደርስ ነበር፤ ያወጣው መንግሥት በ1983 ግንቦት ወደቀ። ዛሬ ሳስበው፣ ዕቅዱ የጎደለው ቁጥር አልነበረም፤ ቁጥርማ ሞልቶታል። እቴቴ ቤት መጀመሪያ የሚቆጠረው የከሰሉ መስመር ነው፤ እዚያ ላይ ግን የከሰሉን መስመር የሚቆጥር አልነበረም፤ ወይም ቆጥሮ የሚናገር አልነበረም።

ሚሊኒየሙ ደግሞ ሌላ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ሲቃረብ የማይምል ሰው አልነበረም። ሲጋራ ይተዋል፣ ጫት ይቆማል፣ ቤት ይሠራል፣ ሁሉም ከአዲሱ ሺህ ዓመት ጋር። ከዚያ ሁሉ የዘመን መለወጫ ግርግር እኔ የወደድሁት ለሚሊኒየሙ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዛፍ ይትከል የተባለውን ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል፤ ማንም ሊቆጥረው ይችላል። የሰፈራችን ሰው ክረምቱ ሳይወጣ ዶማና ችግኝ ይዞ ወደ እንጦጦ ወጣ። አብረውን ከነበሩት አንዱ፣ ያኔ ያረጁት የእቁቡ ዳኛ ልጅ፣ ችግኙን ተክሎ እንደጨረሰ ወደ ወጣቶቹ ዞሮ «ጥር ላይስ?» አለ። አባቱን በድምፁም መሰላቸው። ለሰው ክፉው ወር ሐምሌ ነው፤ ለችግኝ ጥር ነው፤ ዝናቡ ከሄደ ቆይቷል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ ፍየሉም ሣር አጥቷል። ውሃ የሚያመላልስ ልጅ የተመደበለት ጥግ በልግ ደረሰ። ካሜራ ፊት ተተክሎ የተተወው ጉድጓዱ እንኳ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ ያጠናክርልኛል። እያንዳንዱ ዕቅድ የራሱ ሐምሌ አለው። ሩጫ ልጀምር ያለ ሰው ሐምሌው የእንጦጦ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ሊቆጥብ ያሰበ ሰው ሐምሌው የትምህርት ቤት ክፍያና የፋሲካ በግ ነው፤ መጠጥ ሊተው የማለ ሰው ሐምሌው የጓደኛው ሠርግ ነው። ጥሩ ዕቅድ ያንን ወር አስቀድሞ በስሙ ይጠራዋል፤ ያን ቀን ምን እንደሚቀነስ፣ ምን እንደማይነካ በመስከረም ይወስናል። በግማሽ መግባትም መግባት ነው። እንጀራ ሻጯ በግማሽ ዕጣዋ ያን ክረምት አንድ እሑድ ሳታጓድል ዘለቀች፤ በሚቀጥለው መስከረም «ሙሉ» ስትል ማንም ሐምሌን አልጠየቃትም።

ቀጨኔ ተለውጧል። የጭቃው ግድግዳ በብዙ ቦታ ብሎኬት ሆኗል፤ ከሰፈሩ በላይ በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የእረፍት ቀን መኪና ያሰልፋል፤ የጳጉሜን ቀናትም በየዓመቱ ከመንግሥት ስያሜ ይሰጣቸዋል። የሸክላ ሥራው ግን አለ፤ እቁቡም አለ፤ መዋጮው አሁን በስልክ ይላካል። ወጣቶቹ ዕቅዳቸውን ስልካቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ስልኩም በሰዓቱ ይጮኻል። ይህ ክፉ አይደለም። ስልኩ የማይችለው አንድ ነገር ዋስ መሆን ነው።

እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ልደምድም። በሕይወቴ «የሚቻልህን ብቻ አስብ» የሚሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱ ያ መምህር ነው። ልጅቷ ብትወድቅ የሚጎድልበት የለም፤ ብትነሳም የሚያገኘው የለም፤ ስለዚህ ልኳን ለመናገር ምንም አልከፈለም። ሌላው የእቁቡ ዳኛ ናቸው። ጥያቄያቸው ከመምህሩ ይልቅ የከበደ ነበር፤ በሰው ፊት ነው የጠየቁት፤ ሴትየዋንም ከሙሉ ወደ ግማሽ ያወረዷት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ዋስ ሆነው ነው። ሁለቱም አቅምህን እወቅ ይላሉ፤ በጆሮ ሲሰሙ ልዩነት የላቸውም። በዘንድሮው ጳጉሜን ዕቅዱን ይዞ ለሚቀመጥ ሰው የምለው ይህን ነው፦ ሐምሌ ላይስ ብሎ የሚጠይቅህን ሰው ፈልግ፤ ጠይቆህ ሲያበቃም ዋስ ትሆነኛለህ ወይ በለው። እምቢ ካለ ምክሩን ለራሱ መልስለት፤ እሺ ካለ ግን ግማሽ ግባ ቢልህም ስማው።